ከእማዬ መስኮት ሥር የነበረው ጄኔሬተር

ለእህቴ ለኡርጂ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ሞቱማስ ደህና ነው? ልጅሽን ኢልሊን ክረምቱ እንዴት ይዟታል? እኔ ጌታ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። የእማዬን ግን ከእኔ ጋር ደርቤ ደህና ነን ማለት አልቻልኩም።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት፣ ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። ባለፈው ሳሏን ሰምተሽ ስትጠይቂኝ ብርድ ነው አልኩሽ። ወደኔ ላካት ስትዪኝም ምን ጎድሎባት ብዬ ተቆጣሁ። ብርድ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤቴን የማንቀሳቅስበትን ጄኔሬተር ታውቂዋለሽ። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ከእማዬ መስኮት ሥር አስጠጋሁት። ሰኔ ላይ እየጠፋ አስቸገረኝ። አንድ ቀን የሌንጂሳን ግማሽ ራስ እንደላጨሁ ቆመ፤ ሰውየው ኮፍያ ደፍቶ ገበያ ዋለ፣ ሰፈሩም «ግማሽ ሌንጂሳ» አለው። ከዚያ ወዲህ ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን ማለቴ ነው፣ በከፊል ዘግቼ በሽቦ አሰርኩት። መጥፋቱን ተወ። መታጠብ የነበረበት ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ነበር፤ ለዚያ ብዬ ሥራ መዝጋት አልፈለግሁም።

ግድግዳው ጠቆረ። እማዬ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ ይሄ ግድግዳ እንደ ልጄ ነው፣ ቢያጥቡትም አይነጻም ትላለች።

በቀደም መካኒኩ ሁንዴሳ ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ ሽቦውን አየ። አንተ ሰውዬ፣ አየር ከልክለህ ቤንዚን ትግተዋለህ እንዴ አለኝ። ቤንዚን በዝቶ አየር ካነሰው ተቃጥሎ አያልቅም፤ ብረቱ ሳይሞቅም ጠብታው ውስጡ ላይ ይለጠፍና በደንብ ሳይነድ ጥቀርሻ ይሆናል አለ። ግድግዳው ላይ የምታየው ትልልቁን ነው፣ ዓይን የማያየው ደቃቁ ግን ከትንፋሽ ጋር ሳንባ ድረስ ይወርዳል አለኝ። መስኮቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እማዬ ከውስጥ ስትስል ሰማ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሳንባዋ ተጎድቷል፣ ከጭስ ትራቅ አለ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ መዝሙር መሀል አቋርጣ መውጣት ከጀመረች ቆይታለች፤ ይህም የሆነው እኔ እያየሁ ነው።

ነይና ውሰጃት። እኔ ሂጂ ስላት ማን ያበላሃል ትለኛለች፤ አንቺን ትሰማለች። ጄኔሬተሩን አጥር ጥግ አውጥቼዋለሁ፣ ሽቦውንም ፈትቼዋለሁ። ሁንዴሳ ለሥራ ከሄደበት ከቶንጎ ከተማ ተመልሶ ካርቡሬተሩን እስኪያጥበው ድረስ ግን ይጠፋል። ትናንትም ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንዳለ ጠፋ። ፀጥ ሲል እማዬ ከመኝታዋ ሆና ሳሏን ዋጥ አድርጋ፣ ሂርጳ፣ ቆመብህ እኮ፣ ምነው በሽቦው አታስረውም አለችኝ።

ሞቱማን ሰላም በይልኝ። ኢልሊን ሳሚልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም።

ወንድምሽ ሂርጳ
አሶሳ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.