ሠላሳ ሁለተኛው አበባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት በጤና ያግኝሽ። እኛ ደኅና ነን። ልጅሽ ሚጢጢ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች። የእኔም ጉልበት ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ አልከዳኝም።

የእናቶች ቀን ስለነበረ የሚጢጢ አስተማሪ የበዓሉን አመጣጥ ለክፍሉ እንዳስረዳ ጋበዘችኝ። በዓሉን ያስጀመረችው ሴት ሟች እናቷን ለማሰብ ነጭ አበባ እንዳደለች፣ ኋላም እናቱ በሕይወት ያለችለት ቀይ፣ የሞተችበት ነጭ ማድረግ ልማድ እንደሆነ ነገርኳቸው። አበባዎቹን ከወረቀት ቆርጬ፣ ከስም ዝርዝሩ ጋር አመሳክሬ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በየስሙ አዘጋጅቼ ነበር።

ሁሉም ተቀብለው ሲያበቁ ሚጢጢ ባዶ እጇን ቀረች። ልጆቹ ሠላሳ ሁለት፣ አበባው ሠላሳ አንድ። አርባ ዓመት ሳስተምር ከስም ዝርዝር አንድ ልጅ ዘልዬ አላውቅም።

«አባባ፣ የእኔን ረሳኸው ወይስ ቀለሙ ጠፋህ?» አለችኝ።

«እርጅና ነው፣ የኔ እመቤት!» አልኩና እዚያው ቀይ ቆረጥኩላት። አስተማሪዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። መቀሱ አልታዘዝ ብሎኝ አንድ ጠርዙ ተንጋደደ፤ ሚጢጢ ግን ደረቷ ላይ አደረገችው።

ላለፉት አራት ደብዳቤዎቼ መልስ አልደረሰኝም፤ መንገድ ላይ ዘግይተው ይሆናል። ሥራ እንደሚበዛብሽ ስለማውቅ ረጅም መልስ አልጠይቅሽም። በራስሽ እጅ ጽሕፈት ስምሽን ብቻ ጽፈሽ ላኪልን። ቀኑንም መጻፍ አትርሺ።

ሚጢጢ ጉንጭሽን ሳም ብላኛለች፤ ስሜሻለሁ።

ናፋቂሽ አባትሽ