የሳምራ እናት

ተበላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤቴል፣

እንደምን ከርመሻል የእኔ ዓይን? እኔም አባትሽም ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ጥሏል፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል። ያንቺን ሰላም መሆን በጸሎት እንጠይቃለን። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አንደበቴ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ጥር ላይ ለማሳደጊያችሁ የምትልኪያቸው ፈረንጅ በጎ ፈቃደኞች መጥተው የትምህርት ቤታችንን ግድግዳ ቀለም ሲቀቡ፣ «እማ፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያው ቪዲዮ አንድ ልጅ ምረጪልን፤ እናት አባት የሌላት ብትሆን ይመረጣል» አልሽኝ በስልክ። ከአራተኛ ክፍል ሳምራን መረጥኩልሽ። እናቷ ፈጠነች በሕይወት እንዳለች፣ እንዲያውም ለቀለሙ ውኃ በጄሪካን የምታመላልስላቸው እሷ እንደሆነች ነግሬሻለሁ። «አባቷ ከሞተ ግማሹ እውነት ነው እኮ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ።

ካሜራው ፊት ስለ እናቷ ጠየቋት። በወላይትኛ ተረጎምኩላት።

«የእናቴ ጉልበት ለጉድ ነው፤ ያቻትና!» አለች፣ በአገጯ ወደ ዳገቱ እየጠቆመች።

እኔ በእንግሊዝኛ «እናቷ ሞታለች፤ ሰማይ ቤት ናት ትላለች» አልኩ። ቤቴል፣ «እናት» እና «ሞተች» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ቀና ብላ አየችኝ።

ፈረንጆቹ አለቀሱ። ፈጠነች ጄሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ እየሮጠች መጣች።

«መምህርት፣ ልጄ ምን ብላቸው ነው የሚያለቅሱት?»

«ስለወደዷት ነው» አልኳት። ቆማ መረቀቻቸው።

በወሩ ሳምራን ሶዶ ወዳለው ማሳደጊያችሁ ወሰዷት። እናት ያላትን ልጅ ስለማይቀበሉ ፈጠነች ቅጹ ላይ «አክስት» በሚለው መስመር አውራ ጣቷን አሳረፈች። «ልጄ ትማርልኝ እንጂ ጎረቤትም በሉኝ» ነበር ያለችው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ጎደሬ ቀቅላ ትጠይቃታለች። ልጅቱም ሰው ፊት «አክስቴ» ትላታለች። አንድ ቀን ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝቻት፣ «ለምዳዋለች» አለችኝና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች።

ግንቦት ላይ ፈጠነችን ወባ ጣላት። «ሳምራን አምጡልኝ» ስትል ለማሳደጊያው ኃላፊ ለአቶ ዘሩባቤል ደወልኩ።

«እንግዶች አሉብን፤ የሚሄዱት ቅዳሜ ነው» አለኝ። «ደግሞ ለአክስት ፈቃድ አንሰጥም።»

እናቷ ናት ልለው አፌን ከፈትኩ። ያንቺ ስም ትዝ አለኝ፤ የእኔም። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ፈጠነች በር በሩን እያየች ሐሙስ አረፈች። ዓርብ ቀበርናት።

እንግዶቹ ስለሄዱ ተፈቅዶላት ሳምራ እሑድ መጣች። ለቅሶ ቤቱ በር ላይ አቅፌ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ገብታ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ሰኞ በሚኒባስ ይዣት ወደ ሶዶ ወጣሁና ለአቶ ዘሩባቤል አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ፋይሏን አገላብጦ አየ።

«ታዲያ አሁን ትክክል ሆነ እኮ፣ መምህርት። የሚታረም ነገር የለውም።»

ግቢው በር ላይ ስሰናበታት ሳምራ እጄን ያዘች።

«ቲቸር፣ እናቴ መቼ ሞተች ልበላቸው? ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

እጄን አስለቅቄ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ለክረምቱ ቡድን ሌላ ልጅ እንድፈልግ ትናንት የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። አልፈልግልሽም። ከቡድኑ ጋር ግን አንቺ ራስሽ ነይ፤ ያቺ ልጅ ፊት ተቀመጪና ጥያቄዋን አንቺ መልሺላት።

ጌታ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፤ የፈጠነች ዕንባ አይድረስብሽ።

እናትሽ አስካለች