የሳጥኑ አፍንጫ

የካቲት 16፣ ሰኞ

ዛሬም በአጎቴ ወርክሾፕ ላሜራ ስቆርጥ ዋልኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው... ብረቱን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም።

አጎቴ ቢየል ከኢታንግ ሥራ ይዞ መጣ። አንድ ሰፈር ውስጥ በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ተተክሏል። ፓምፑን የሚያዘው ኮንትሮለር የሚቀመጥበት የብረት ሳጥን ይፈልጋሉ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሳጥን የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነበር። "ይሄ ከሠራ ሌሎቹም ሰፈሮች ወደ እኛ ይመጣሉ። ካልሠራ በርና መስኮት ስንበይድ እንኖራለን" አለ።

ኮት የሚባለው በያጃችን ድፍን አድርገን እንዝጋው አለ። አቧራ እንዳይገባ፣ እንሽላሊት እንዳይገባ። እኔ ግን ስልኬ ትዝ አለኝ። ባለፈው ጣሳ ውስጥ ከድኜ ፀሐይ ላይ ረስቼው፣ ሳወጣው እንደ ፍም ግሎ አልበራም አለ። ኮንትሮለሩስ አይታፈንም? ለአጎቴ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት።

"ጮክ በይ እንጂ! አፍሽን እንደ ሳጥን በር በጎማ ገጠምሽው እንዴ?"

ኮት ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አጎቴ ግን ሰምቶኛል። "በይ፣ መተንፈሻውን አንቺው ትበሺዋለሽ" አለኝ።

እኔ?

የካቲት 18፣ ረቡዕ

በሳሁት! በሁለቱም ጎን። መብሻው ትራፓኖ እስከ ትከሻዬ ያንቀጠቅጠኛል። ቀዳዳዎቹ ግን ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ጉንዳን እንዳይገባ ከውስጥ ደቃቅ የሽቦ መረብ ለጠፍኩባቸው።

ኮት ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየና፣ "ሳጥን ነው ወይስ የዱቄት ወንፊት?" አለ።

መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ሳጥኑ ሄደ። ፀሐይ እንዳይስብ ነጭ ቀብተነዋል። በፓምፑ ጠባቂ ቤት የጭቃ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ውሃው ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ አለኝ አጎቴ። እኔ አልሄድኩም። ሰው ይበዛል...

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ፓምፑ ቆመ። ጠዋት ይሠራል፣ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። አመሻሽ ላይ መልሶ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ፀሐይ የለም። ሴቶቹ እንደገና ወደ ባሮ ወንዝ እየወረዱ ነው።

የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ፎቶ ላከ። በሩ ተከፍቶ ከፊት ለፊት የተነሳ ነው። ኮንትሮለሩ አቧራ ለብሷል። የውሃ ባለሙያው ጋሽ ወንዳፍራሽ ወርክሾፕ መጥቶ አየው። "በፎቶ ብቻ አልፈርድም። ግን አቧራው በቀዳዳዎቹ የገባ ይመስላል" አለ። ዓርብ አብረን ሄደን እናያለን ተባለ። ኮሚቴው ግን ከአሁኑ ቆርጧል። የእኛን ሳጥን አውርደው ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ ነው።

በቀዳዳዎቹ... በእኔ ቀዳዳዎች።

ኮት አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

አቧራ ቢሆን ጠዋትም ያጠፋው ነበር። ለምን እኩለ ቀን ብቻ? ለምን ሲበርድ ይነሳል?

አጎቴን "እኔም ልሂድ" አልኩት። ያልሰማ መስሎኝ ደገምኩለት። "ሰምቻለሁ" አለ። "ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

መጋቢት 18፣ ዓርብ

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ኢታንግ ስንደርስ ጋሽ ወንዳፍራሽ በቀጥታ ወደ ሶላሮቹ ሄደ። አጎቴ ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ቆመ። እኔ ሰው ስለምሸሽ በቤቱ ጓሮ ዞሬ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ።

ሳጥኑ የለም! በሩ ብቻ ነው የሚታየው። ግድግዳው አዲስ ተመርጓል፣ በጣት የተሳለ ማዕበል ማዕበል ጌጥ አለው፣ ያምራል። ምርጊቱ የሳጥኑንም ሁለት ጎኖች ሸፍኗቸዋል። ልክ ግድግዳ ውስጥ እንደገባ መስኮት። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ቀዳዳዎቼ ወጡ... በደረቅ ጭቃ ጥርቅም ብለው። ብረቱን ስነካው አቃጠለኝ።

"ማሌ፣ ልጄ! አማረ አይደል?" ብላ በኑዌርኛ ሰላም አለችኝ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት። የፓምፑ ጠባቂ ናት፣ ስሟ ኛሙዎች። "ዝናቡ ሳይመጣ ቤቴን ስመርግ ሳጥናችሁን አየሁት። ጎኑ ተበሳስቷል። አሳዘነኝ። ውሃ እንዳይገባበት ደራርቤ መረግኩለት።"

ከወንዝ የቀዳችውን ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። እንዴት ልንገራት? ዝም ብል የአጎቴ ስም ይጠፋል። ሰው ፊት ባወጣው ደግሞ እሷን ይጮሁባታል። ውሃውን ጠጥቼ ስጨርስ ቀስ ብዬ፣

"እማማ፣ ውስጡ ያለው ነገር ሲሠራ ይሞቃል። እነዚያ ቀዳዳዎች አፍንጫው ናቸው" አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እስኪመጣ። "አፍንጫውን ደፍኜ ጠዋት ጠዋት ስትሠራ ዋል እያልኩ እመርቀዋለሁ! አፍንጫው ነው ብላችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?"

እውነት... ለምን አልነገርናትም? ሳጥኑ ሲሰቀል የተነገረው ለኮሚቴው ወንዶች ብቻ ነበር። ወንዶቹ ደግሞ ግድግዳ አይመርጉም።

ተመልሼ ስመጣ የኮሚቴው ሊቀመንበር አጎቴን፣ "በቃ፣ ወንፊታችሁን አውርዳችሁ ውሰዱ" ይለዋል። አጎቴ ጫማውን ያያል። አጎቴ እንደኔ መሬት ሲያይ አይቼ አላውቅም።

"ይቆይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔው ነው።

ሁሉም ዞሩ። ተናገርኩ። በኑዌርኛ፣ ከዚያ ለጋሽ ወንዳፍራሽ በአማርኛ። "ቀዳዳዎቹ በምርጊት ተደፍነዋል፣ ሳጥኑ ታፍኖ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። የቤቱን ግድግዳ የምትመርገውን ሰው ሳናስረዳ ሰቅለን ሄድን።"

ኛሙዎች ከኋላ፣ "የደፈንኩት እኔ ነኝ! ልጅቷን ተዉአት፣ ይልቅ ቢላ አምጡ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ በቢላ፣ እኔ በሚስማር ፋቅነው። የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ሲከፈቱ ትኩስ አየር ፊቴ ላይ ወጣ። ልክ ትንፋሹን ይዞ እንደቆየ ሰው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀመጠ። ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። እኩለ ቀን ሆነ። ቧንቧው ፏ... ይላል። ወጣ ብዬ ስቆም ጭንቅላቴ ላይ ያለው ፀሐይ ጥላዬን ዋጠው። ቧንቧው አሁንም ፏ ይላል!

"ሙቀቱ ወርዷል" አለ ጋሽ ወንዳፍራሽ ቴርሞሜትሩን እያየ። "አቧራውም በሩ ሲከፈት የገባ ነው። ፎቶው ጎኑን አላሳየንም ነበር፣ እንኳን መጣን።"

ሴቶቹ ጄሪካን ተሸክመው እየሮጡ መጡ። እልልታው! አጎቴ ሁለት እጄን ይዞ አነሳኝ። ሊቀመንበሩ፣ "ይቺ ልጅ የማናት?" ሲል፣ "የእኔ ናት፣ የእኔ!" አለ።

ስንሄድ ኛሙዎች ጆሮዬን ይዛ፣ "ሰው እንኳ ከዝናብ የሚሸሽበት ታዛ አለው። ሳጥናችሁ ለምን ራቁቱን ይቆማል?" አለችኝ።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ለሳጥኑ ታዛ ሠራንለት! ከላዩ ሌላ ላሜራ፣ መሃሉ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ያለው። በሚቀጥሉት ሳጥኖች ደግሞ ቀዳዳዎቹ ከሆዳቸው ሥር ይሆናሉ፣ ጭቃም ዝናብም የማይደርስበት። ኮት የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "ወንፊቷ፣ ታዛው ምን ያህል ይውጣ?" አለኝ።

"አንድ ስንዝር" አልኩት። "አንተ ድፍን፣ ልኩን አትሳት።"

መልሱ እዚያው መጣልኝ!

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

ትናንት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስልክ ጮኸ። ኛሙዎች ናት። "አፍንጫው አላነጠሰም!" ብላ ዘጋችው።

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ

ከፑኝዶ አሁን ገባን። የሰቀልነው አዲስ ሳጥን ነው። ከዚያም ሌሎች ታዘዋል፣ ወርክሾፑ ውስጥ መቆሚያ የለም።

ወንዶቹ ተሰብስበው ሲጠብቁን ኮት፣ "ማን ያስረዳ?" ብሎ ወደ እኔ አየ። መሬቱን አላየሁም። "ግድግዳ የሚመርጉት ሴቶች የት አሉ? እነሱ ሳይመጡ አንሰቅልም" አልኩ።

መጡ። አንዳንዶቹ እጃቸው ጭቃ እንደሆነ። የሳጥኑን ሆድ አሳየኋቸው፣ ታዛውን አሳየኋቸው፣ አፍንጫውን አስነካኋቸው። ከኋላ አንዷ፣ "አልሰማንም፣ ጮክ በይ!" አለች። ጮክ አልኩ። ዘግይተው የመጡት ደግሞ እንደ አዲስ አስጀመሩኝ። ልጆች የያዙት ቆይተው ደረሱ፣ እንደገና። አጎቴ መኪናው ላይ ተደግፎ ፈገግ ብሎ ያየኛል፣ አንድም ቃል አልረዳኝም።

ስንወጣ ዞሬ አየሁ። አንዲት ሴት በእርጥብ ጭቃ ሳጥኑ ዙሪያ የጣት ጌጥ እየሳለች ነው። ከሥር ስትደርስ እጇን አነሳች፣ አፍንጫውን ዘለለችው፣ ከዚያ ማዶ ቀጠለች።

ቤት ስገባ እናቴ "ምን ነካሽ?" ብትለኝ ድምፄ አልወጣ አለ። በማውራት ብዛት... እኔ!