ሰው አልወጋም

ጥቅምት 9
ምስማር ስመዝን ዋልኩ። የጣውላ፣ የቆርቆሮ፣ ደግሞ የጣውላ። አንድ ሰውየ የበር ማጠፊያ ገዝቶ ሄደ... ተመልሶ መጣ። ለካ በሩን ገና አላሠራም። «ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?» ስለው «አናጢው ይቸኩል እንደሆነ ብየ» አለኝ።

አዲስ ደብተር ነው። ለማን እንደምጽፍ እንጃ።

ከሥራ መልስ ልምምድ፣ እንድሪያስ ብየዳ ቤት። እንድሪያስ ቀን የብረት በር ሲበይድ ይውልና ሲመሽ ጊታር ይዞ ይጮሃል። ዘሩ ሞባይል ሲጠግን ይውልና ቤዝ ጊታር ይዞ ዝም ይላል። እኔ አልጣሽ ድራሙን እደበድባለሁ። ስማችን ቆንጥር። በጎጃም ብቸኛው የፓንክ ሮክ ባንድ... ማን ቆጠረ? እኛው።

አባየ ከቡሬ ማዶ ደወሉ። «ሲስተር፣ እትየ ወለተ ሐና ጆሮዋን አሟታል። ምን ትውሰድ?»
«ብዙ ውሃ ትጠጣ። ጤና ጣቢያ ትሂድ።»
ለወገብም፣ ለራስ ምታትም፣ ለሆድም መልሴ ይኸው ነው።

ሲስተር አይደለሁም። እዚህ እንኳ ልጻፈው። ነርስነት ስማር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለልምምድ ሆስፒታል ገባን። የመጀመሪያው ቀን ደም አየሁ፣ ወደቅኩ። በሁለተኛው ቀን ደም የነካው ጥጥ አየሁ፣ ወደቅኩ። በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም። አባየ ግን ለትምህርት ስሸኝ መንደሩን ጠርተው አብልተዋል፣ አስመርቀውኛል። ለእኒህ ሰው እንዴት ተብሎ ይነገራል? ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አራት ዓመት ሞላኝ።

ጥቅምት 21
ቀረጻ ጀመርን! ስቱዲዮው የገነነ ነው። ገነነ የሠርግ ቪዲዮ ነው የሚሠራው። ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍኖታል።
«ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?»
«ፓንክ ሮክ» አለ እንድሪያስ።
«እስክስታ ይወርዳል?»
«የፈለገ ይውረድ።»
«ሙሽራ ይገባበታል?»
ድራሙን መግጠም ጀመርኩ።

ጥቅምት 29
ሦስተኛው ዘፈን መሐል የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ። አምስት ጊዜ ደገምነው፣ አምስቱንም ጊዜ ጮኸ፣ ያውም እዚያችው ቦታ ላይ። ዘሩ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ከአልጣሽ ይልቅ እሱ ምቱን ይጠብቃል።»
ተወነው። ዶሮው አልበሙ ላይ አለ።

ኅዳር 4
አንድ ግጥም ጻፍኩ። እንደው እጄን ሲበላኝ...

መርፌ ስጡኝ ልብስ ልስፋ
ሰው አልወጋም! አልወጋም!

በቃ ይኸው ነው። የቀረው ጩኸት ነው። እንድሪያስ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ የወጣ ሰው ነው፤ አገላብጦ አየው።
«ሰሙ መርፌ ነው። ወርቁስ?»
«ወርቅ የለውም።»
«ወርቅ የሌለው ግጥም? ጎጃም ላይ?»
«የለውም አልኩህ!»
ለምን እንደዚያ እንደጮህኩበት እኔም አልገባኝም። ገብቶኛል።

ኅዳር 12
ጉድ! ገነነ ያለቀውን አሰማን። በየዘፈኑ መጨረሻ እልልታ አስገብቷል። «አልወጋም» ላይ ደግሞ ጭብጨባና ማሲንቆ። እንድሪያስ ገረጣ።
«ይኼ ምንድን ነው?»
«አጣፈጥኩላችሁ። ጩኸቱንም ቀነስኩት።»
«ጩኸቱ እኮ ነው ዘፈኑ!»
«አንተ ልጅ፣ እናት አለህ አይደል? እናትህ ትሰማዋለች እኮ።»
እስኪመሽ ተከራከርን። እልልታው ወጣ። አንዱን ግን አላገኘውም፣ የት እንደገባ ጠፋበት። በስድስተኛው ዘፈን ሆድ ውስጥ አንዲት ሴት አሁንም እልል ትላለች።

ኅዳር 15
ጾም ገባ። ድራሙን ሸፈንኩት።

ጥር 2
አልበሙ ወጣ። ስሙ «ሰው አልወጋም»። ወጣ ማለት... ዘሩ ሱቅ ዘፈን ለማስጫን በመጣው ሰው ሁሉ ሚሞሪ ላይ እኛን ጨምሮ ይጭናል። ሳይነግር። ትናንት መዝሙር ያስጫኑ አንዲት እናት ዛሬ ተመልሰው መጡ።
«ልጀ፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መዝሙር መሐል ሰው እየተደበደበ ነው።»
«ዘፈን ነው እማማ።»
«ማን ገላገለው?»

ጥር 14
ቡሬ። የዙራችን መጀመሪያ። ድራሙን ሚኒባስ አናት ላይ ስንጭን ረዳቱ «ይኼ ሁሉ ከበሮ ለየትኛው ደብር ነው?» አለ። እንድሪያስ ሊያስረዳው ሲጀምር ዘሩ «ለማርያም» አለው። በጥንቃቄ ጫነልን፣ ራሱ አሰረው።

ገበያው ዳር ሞንታርቦ ተከልን። እንድሪያስ «እኛ የፓንክ ሮክ ባንድ ነን!» ብሎ ጮኸ። ሰው ግር ብሎ መጣ! ከመቶ በላይ ይሆናል። ደስ አለኝ... ከሁለት ዘፈን በኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።
«ብድሩ ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«የምን ብድር?»
«ባንክ ነን አላላችሁም?»
ለካ ሕዝቡ ባንክ ብሎ ነው የሰማው። ግማሹ ሄደ። የቀረው ኮፍያና ቲሸርት ሲታደል ይጠብቃል። አንዲት ሴት «ከእነዚያኞቹ እናንተ ትሻላላችሁ፣ እነሱ ያባብላሉ፣ እናንተ ግን ከአሁኑ ትቆጣላችሁ» አለችን።

«አልወጋም»ን ስንጫወት ግን ማንም አልሄደም። ሽማግሎቹ ወርቁን ሲፈልጉ ቆዩ። አንዱ «ስለ አማቱ ነው» አለ። ሌላው «አይደለም፣ መርፌ ሲል ጠበቃ ማለቱ ነው» አለ። ዕቃችንን ስንጠቀልልም ክርክሩ አላለቀም ነበር።

ጥር 16
አበቃልኝ። የዘሩ ሚሞሪ ከእኛ ቀድሞ ተጉዟል። አንድ ወጣት ለእንድሪያስ ደውሎ «የማርያም ማግስት እኛ ዘንድ ኑልን፣ ሁሉም ዘፈናችሁን ያውቀዋል» አለው። እንድሪያስ እሺ ብሏል። የማን መንደር? የአባየ መንደር።
«አልመጣም» አልኩ።
«ድራም የሌለው ፓንክ ምንድን ነው?»
«ግጥም።»
አልሳቁም። እውነቱን ነገርኳቸው። እንድሪያስ ሁሉን ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አልኩሽ እኮ፣ ወርቅ አለው!»

ጥር 22
ከአሥር ዓመት በኋላም፣ ከመቶ ዓመት በኋላም የማልረሳው ቀን። በሥርዓት ልጻፈው።

ከቡሬ የጭነት ባጃጅ ተኮናትረን ሄድን። ድራም፣ ጄኔሬተር፣ ሞንታርቦ፣ ሦስት ሰው። ፊቴን እስከ ዓይኔ በሻሽ ጠቅልየዋለሁ። ሐሳቤ መትቼ፣ ሳልታወቅ መውጣት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ገና ከባጃጁ ስወርድ እትየ ወለተ ሐና ከሩቅ «ሲስተር መጣች!» አሉ። በምን አወቁኝ? «በአረማመድሽ። የአባትሽ ነው።»

ድራሙን ገጥሜ ቀና ስል ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ዘሩ ዕንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። «አልጣሽ፣ ሰልፍ! ሰልፍ አለን!» የመጀመሪያው ሰውየ ምላሱን አወጣልኝ። ሁለተኛዋ ልጇን አሳቀፈችኝ። «ውሃ ይጠጡ... ጤና ጣቢያ ይሂዱ...» እያልኩ አራተኛው ላይ ስደርስ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። አባየ በምርኩዝ መጡ። አንድ እግራቸው በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«በጥቅምት ማረሻ ቆረጠኝ» አሉ፣ ድራሜ አጠገብ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ሂድ ይለኛል። ሐኪም ወልጄ ምን በወጣኝ? ለአንቺ ነው ያቆየሁት።»
«ለምን በስልክ አልነገሩኝም?»
«ውሃ ጠጡ ትይኛለሽ።»
ፈቱት። ሽታው ቀድሞ መጣ። ከዚያ...

ከዚያ ወደቅኩ። ስወድቅ ሲምባሉን፣ ያን የድራሙን የናስ ሳህን፣ ይዤው ወረድኩ። ከሩቅ ያለው ሕዝብ ዝግጅቱ ተጀመረ ብሎ አጨበጨበ።

ስነቃ ፊቴ ርሷል፣ ሻሹ የለም፣ ራሴ በአባየ ጉልበት ላይ ነው። «ልጀን ምን ነካብኝ?» ይላሉ። በእጃቸው ፊቴን ይጠርጋሉ። ያን እጅ ሳይ አልቻልኩም።
«አባየ፣ ሲስተር አይደለሁም። አልተመረቅኩም። ደም ሳይ እወድቃለሁ። ፍኖተ ሰላም ምስማር ነው የምሸጠው።»
እትየ ወለተ ሐና «ታዲያ ውሃ ጠጪ ስትለኝ የከረመችው ማን ናት?» አሉ።

አባየ ራሴን ከጉልበታቸው ቀስ አድርገው አነሱት። ጨርቁን መልሰው ጠቀለሉ። «እግሬን ለማን ላሳየው እንግዲህ?»
«ለሐኪም። አሁኑኑ ቡሬ እንሂድ፣ ባጃጁ አለ።»
«ሰው ተሰብስቧል።»
«ሰው ይበተን!»
«ሰው ጠርቶ ባዶ መስደድ ነውር ነው። የመጣሽበትን አድርጊ፣ ከዚያ እንሄዳለን።» አላዩኝም ሲሉት።

ለመንኳቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። መታን። ሁሉንም በፍጥነት፣ እግራቸው እየታየኝ። እንድሪያስ ትንፋሽ አጠረው፣ ዘሩ ጣቱ ደማ (አላየሁትም)። «መርፌ ስጡኝ ልብስ ልስፋ፣ ሰው አልወጋም» ላይ ስንደርስ መንደሩ በአንድ ጊዜ ወርቁ ገባው። ሁሉም ዞሮ አባየን አየ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። የኔታ ዓለምብርሃን፣ ቅኔውን የሚያስተምሩት፣ አጠገባቸው ነበሩ። እንዲህ አሉ ተባለ፦ «ይኼስ ሰምም ወርቅም አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ጩኸቱ ግን ለኃጢአቱ በዛ።»

ወዲያው ቡሬ። አባየ ሞንታርቦው ላይ ተደግፈው፣ እኔ ድራሙን አቅፌ። ሐኪም ቤት ነርሷ ሲስተር ህይወት ትባላለች። አንዱ «ሲስተር!» ብሎ ሲጠራት አባየ በልማድ ወደ እኔ ዞሩ... ከዚያ መልሰው ወደ ግድግዳው። «ሌላ ሳምንት ቢያድር እግሩን ነበር የምንሸኘው» አለችኝ በቀስታ። ቁስሉን ስታጥብ ዓይኔን ጨፍኜ እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸውን አልነጠቁኝም። «ይቺን ልጅ አስቀምጧት፣ ትወድቃለች» አሉ ለነርሷ።

ጥር 25
ቁስሉ በየሁለት ቀኑ መታጠብ አለበት። ፍኖተ ሰላም እኔ ክፍል ናቸው። አያናግሩኝም። ዘሩን «ውሃ ስጪኝ በላት» ይሉታል፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ። ዘሩ «ውሃ ስጪኝ ይላሉ» ይለኛል። ዘሩ በሕይወቱ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

የካቲት 3
ብቻቸውን እንዳይውሉ ልምምድ ይዣቸው ሄድኩ። ሁለት ዘፈን ችለው ሰሙ። ከዚያ እንድሪያስን «ልጀ፣ ቀስ ብለህ ብትነግራቸው አይሰሙህም?» አሉት።

የካቲት 7
ዛሬ እራት ላይ፣ ድንገት።
«ስንት ጊዜ ነው የወደቅሽው?»
«ሁለት።»
«ከእኔ ጋር ሦስት።» ጎረሱ። «አጎትሽ አንዷለምም እንዲሁ ነበር። በግ ሲታረድ ከግቢ እናስወጣዋለን፣ ሚስቱ ናት የምታርደው።» ጎረሱ። «ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»
«ለሰው ሁሉ ነግረው ነበራ አባየ።»
መጉረስ አቆሙ። ተቀይመው ይሆን? ያሰቡ ይመስሉ ነበር።

የካቲት 18
ዱርቤቴ ለቅዳሜ ይጠብቁናል። ጾሙ ሳይገባ የመጨረሻው ነው። ገነነ ራሱ ሊቀርጸን ይመጣል፤ እልልታ አልጨምርም ብሎ ምሏል።

አባየ ጠዋት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቁስሉ ደርቋል። መናኸሪያ ድረስ ያለ ምርኩዝ ነው የተራመዱት። «አብሬዎት ልምጣ፣ ለሰዉ እኔ ላስረዳ» አልኳቸው።
«አንቺ የዋሸሽው ለአንድ ሰው ነው። ለመንደር ያሠራጨሁት እኔ ነኝ። ተይኝ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ደወሉ። ድምፃቸው ሞቅ ብሏል።
«ከየት ነው የሚደውሉት?»
«ከየኔታ ቤት። አሥራ አንደኛ ቤቴ ነው። ቤት ለቤት እየገባሁ 'ልጀ ሲስተር አይደለችም፣ ያስቀየምኳችሁን ይቅር በሉኝ' እላለሁ። ቁጭ በል ይሉኛል። ጠላ ይቀዳልኛል። 'ታዲያ ምንድን ናት?' ይሉኛል።»
«ምን አሏቸው?»
«ከበሮ መቺ ናት እላለሁ። 'ደኅና ትመታለች?' ይላሉ። 'ዘፈኑን አልወደድኩትም፣ አመታቷን ግን አይቻለሁ፣ አትሰንፍም' እላለሁ። ደግመው ይቀዱልኛል።»
«አባየ፣ ይበቃዎታል፣ ይግቡ።»
«እንዴት እገባለሁ? ከወንዙ ማዶ ሰባት ቤት ይቀረኛል» ብለው ዘጉት።