ባዶ ነው ያልሁት ሽጉጥ

ነሐሴ 17፣ ጠ. 3 ሰዓት

ዛሬም ዝናብ። ደንበኛ የለም። የጨው መጠቅለያ ወረቀት እለያለሁ፤ የሚነበበው ለእኔ፣ የማይነበበው ለጨው። ደብተሬ፣ ታውቂያለሽ፣ ትምህርቴ ይኸው ነው። መሠረተ ትምህርት ፊደሉን ሰጠኝ፤ የቀረውን መጠቅለያ አስተማረኝ።

ከወታደር ካምፕ በኪሎ ከተሸጠው ክምር አንድ ቅጠል ወጣ። ስለ መሣሪያ አያያዝ። ግማሹ ተቀዷል። በዓይን እስኪታይ ድረስ ማንኛውም መሣሪያ እንደ ጎረሰ ይቆጠራል ይላል። ጥይት አለበት ማለት ነው። ጣት ከምላጩ ይራቅ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር። ከዚያ በታች ተቀዷል።

የባሌ የታደገ ሽጉጥ ትዝ አለኝ። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ሽጉጡ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ከጎታው ጀርባ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁትም።

ከቀኑ 8 ሰዓት

አወጣሁት። አሮጌ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። አፈሙዙን ወደ ጓሮው የአፈር ቁልል አዞርሁ። ብዙ አየሁት። የገባኝ ነገር የለም። እንደነበረ ጠቅልዬ መለስሁት። ሰላሜን ግን አልመለስሁም።

ነሐሴ 19

መሣሪያም የሚጠግነው ባለ እጅ ዘንድ ሄድሁ። ማረሻ እየሳለ ነው። አሮጌ ሽጉጥ እንዴት እንደሚከፈት ጠየቅሁት፤ አንድ ዘመድ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው አልሁት። ሳቀ። «ኧረ ጉድ! እመቤት፣ ልትሸፍቺ ነው እንዴ?» አላመነኝም፣ ግን አስረዳኝ። ከሰል አንሥቶ መሬት ላይ ሳለልኝ። ሰው ሥራውን ሲያስረዳ እንዴት ያምራል።

የገባኝን ልጻፍ፣ እንዳይጠፋኝ። አፈሙዙ እንደ በር በማጠፊያ ይታጠፋል። የሚከፍተው ከሥር ያለችው ማንሻ ነች። ጥይቱ ከኋላ ይገባል። ከበላዩ መቺው አለ። መቺው ወደ ኋላ ሲሳብ ሁለት ጥርስ አለው። የመጀመሪያው ጥርስ ማረፊያ ነው፤ እዚያ ላይ ሳለ ምላጩ ቢነካም መውረድ የለበትም። ሁለተኛው የመተኮሻው ነው።

አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። መቺው ጨርሶ ሲወርድ ሰው የተኛ ይመስለዋል። በእነዚህ አሮጌዎች ግን ያኔ መቺው ጥይቱን የምትወጋዋን መርፌ ተጭኖ፣ መርፌዋ የጥይቱን ቂጥ ነክታ ነው የምትቀመጠው። ቢወድቅ፣ ከጀርባው ቢመታ፣ ይተኩሳል። ምላጭ የነካ ሰው ሳይኖር።

ማንሻዋ እንቢ ካለች አትታገዪ አለኝ። ከጎን ቆመሽ ቀጭን ሰንበሌጥ በአፈሙዙ ስደጂ፣ የገባውን ከውጭ ለኪ። ከኋላ ካልደረሰ የሚያግደው ነገር አለ።

ነሐሴ 20፣ ጠ. 2 ሰዓት

ማንሻዋ ንቅንቅ አትልም። ቅቤ! ታደገ የከብት አገር ሰው፤ የወደደውን ሁሉ ቅቤ ይቀባል። ጠፍሩን፣ ኮርቻውን፣ ሽጉጡን። ቅቤው በየስንጥቁ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። አረንጓዴ ዝገት አብሮት።

ሰንበሌጡን ሰደድሁ። ለካሁ። በጣት እርዝማኔ ጎደለ።

ጎርሷል።

መቺውስ? ጨርሶ ወርዷል። ደብተሬ፣ ሁለት ዓመት ጆንያ ስጎትት፣ ጎታውን ስገፋ፣ መጥረጊያዬ ሲያንኳኳው። ሁለት ዓመት።

ነሐሴ 21

ባለ እጁ የለም። አንበሳሜ ገበያ ወርዷል፣ እስከ ሰኞ አይመለስም። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አድርጌ፣ ከሥሩ ጭድ አነጠፍሁለት። እንደ አራስ። እራሴን ታዘብሁት።

ነሐሴ 22

ዋርሳዬ ደርሶ፣ የታደገ ታናሽ፣ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ጤፉ ሰጥሟል። ከበታቹ የሚያርሰው አያሌው ለሩዙ ውሃ ለመያዝ ቦዩን ደፍኖበታል። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ያው ነው፤ ያንዱ ሲሳይ ላንዱ ጎርፍ።

በልቶ ጨረሰ። ከዚያ «እታለም፣ የወንድሜ ሽጉጥ የታለ?» አለኝ።

አፌ ከልቤ ቀደመ። ባዶ ነው አልሁት፣ የዛገ ብረት ነው፣ አይሠራም። አየኝ። እጁን ታጠበና ወጣ።

ዋሸሁ። ሰው አዳንሁ ብዬ ደስ አለኝ። እስከ ማታ ደስ እንዳለኝ ቆየሁ።

ነሐሴ 24፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከቤ/ክ ንግሥ ስመለስ ጭዱ ብቻ አለ።

ቁልፍ የምተውላት ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩዬ ከፈተችለት። ምን ታድርግ፣ የባሌ ወንድም ነው። እየሳቀ ነበር አለች። መታጠቂያው ውስጥ ሻጥ አድርጎት ሄደ። ያለውን ጠየቅኋት። እሷም እየሳቀች ነገረችኝ፦ «ባዶም ቢሆን ያስፈራል። ነገ ቦዩ ላይ አያሌውን ግንባሩ ላይ ደቅኜ ቀጭ ነው የማደርግበት። ሱሪው ላይ ሲሸና አገር ይሳቅበታል!»

አልሳቅሁም። ምን ሆንሽ አለችኝ። እራሴን አመመኝ አልሁ። ሌላ ውሸት።

መታጠቂያው ውስጥ! መቺው ወርዶ፣ ከሆዱ ጋር።

ከቀኑ 11 ሰዓት

ውሃው ዳር ወረድሁ። ደርሶ ከነፋሱ በፊት ተሻግሯል፤ ቤቱም ቦዩም ማዶ ነው። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሆኗል። ባለ ታንኳው በዚህ ነፋስ አልንቀሳቀስም አለ። ለመንሁት። «እናቴ፣ ጎህ ሲቀድ አደርስሻለሁ፤ ዛሬ ከገባን ሁለታችንም የዓሣ ቀለብ ነን።» ተመለስሁ።

አስባለሁ። እውነቱን ብነግረው፣ የጎረሰ ሽጉጥ በእጄ ነው ብሎ ይጨክናል። ባልነግረው፣ በቀልድ ይገድላል። ለአያሌው ብቻ ብነግረው፣ እሱም ምንሽር ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ደም ነው፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄድ። አባን፣ የንስሐ አባቴን፣ እንዳልጠይቅ ወንዛዬ ለጠበል ሄደዋል። ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር? የወረቀቱን የተቀደደ ግማሽ ፈልጌ ክምሩን ሁሉ ገለበጥሁ። የለም። ቢገኝስ? ስለ ዋሸ ሰው አይጻፍበትም።

ነሐሴ 25፣ ጠ. 12 ሰዓት

ነፋሱ ቆሟል። ውሃው ግን ጨምሯል።

ቆረጥሁ። ወደ ደርሶ ቤት አልሄድም፣ ወደ አያሌውም። ቦዩ ላይ ነው የምወጣው፣ ሁለቱም ባሉበት፣ ሰው በሚሰማበት። እኔ፣ በለቅሶ እንኳ ድምፄ የማይሰማው። እንዲህ እላለሁ፦ ደርሶ፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ጎርሷል። መቺውን አትንካ፣ ለመክፈት አትታገል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ ውሃው አዙረህ ጭቃው ላይ ቀስ ብለህ አስተኛው፣ ራቅ። ከፊቱ ማንም አይቁም። ባለ እጁ ሰኞ ይመጣል፣ እሱ ይፈታዋል።

በአገር ፊት ውሸታም እባላለሁ። ልባል። ይህን ሰምቶ ከደቀነው፣ አውቆ ነው፤ የእርሱ ኃጢአት ነው። ሳያውቅ ከደቀነው ግን የእኔ ነው።

ባለ ታንኳው ይጣራል። ማዶ ሰዎች ወደ ቦዩ መውረድ ጀምረዋል። ነጠላዬን አልለብስም፣ ያደናቅፈኛል። ሄድሁ።