መሰኪያ የሌለው ካርድ ለመረጡልን ለጋሽ ይሻው

ለመላው የደብረ ታቦር ነዋሪ፣ በጉና ሥር ላላችሁም ወደ ይፋግ መንገድ ላይ ላላችሁም፣ ልብ የሚሰብር ዜና ለማሰማት እገደዳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሞኒተሮች፣ ገና የፊታቸው ላስቲክ እንኳ ሳይላጥ፣ በክበባችን ውስጥ እንደ ጨለሙ ቀርተዋል። ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልተተከለም፤ ኮሚቴው የድንኳን ግዢ ገና አልወሰነማ።

ይድረስ ለክቡር አቶ ይሻው፣ የሰፈራችን ወጣቶች መዝናኛ ክበብ የዕቃ ግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የገናና የፋሲካ ቅርጫ በሬ መራጭ፣ የሚመለከታቸውም የማይመለከታቸውም ጉዳዮች ሁሉ ተጠሪ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዕቃ የሚመዝኑበት ቀኝ እጅዎ ደኅና ከርሟል ወይ? እኛ ከብርዱ በቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ይህ ደብዳቤ በክበቡ በር ላይ የሚለጠፍ ስለሆነና በዚያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ እንደሚያነበው ስለማውቅ፣ እርስዎ ጠንቅቀው የሚያውቁትን ጉዳይ ለሌላው አንባቢ በአጭሩ ባስረዳ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ክበባችን ሦስት ሞኒተሮች ጎን ለጎን ደርድሮ የአውቶቡስ መንዳት ጌም ሊያጫውት አሰበ። መሀለኛው የፊት መስታወት ይሆናል፣ የግራና የቀኙ ደግሞ የጎን መስኮት። ለዚህም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን እየሠራ ለሞኒተሮቹ የሚያድል ግራፊክስ ካርድ የሚባል ጉልበተኛ ዕቃ ያስፈልጋል። ሦስት ሞኒተር ማለት ሦስት እጥፍ ሥዕል ስለሆነ ካርዱ ብርቱ መሆን አለበት፤ ሦስቱ ሞኒተሮች የሚሰኩበት መሰኪያም ከኋላው ሊኖረው ይገባል። ሳይንሱ ይኸው ነው፣ አለቀ። ዘጠነኛ ክፍልን ወድጄው ለደገምሁት ለእኔ እንኳን ገብቶኛል።

ያን ሁሉ ያስቸኮለን የእሑዱ ግጥሚያ ነበር። የይፋግ ልጆች መጥተው ከእኛዋ ትዕግሥት ጋር ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈ ለባሕር ዳሩ ውድድር ያልፋል፤ አስተናጋጁ ክበብ ሦስት ሞኒተር አብርቶ ካልጠበቀ ግን በፎርፌ ተሸናፊ ነው። ትዕግሥት ክረምቱን በሙሉ በአንዲት አሮጌ ሞኒተር ስትለማመድ ከርማ፣ አሁን በእግሯ ስትሄድ እንኳ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ትቀንሳለች።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ያለው ነገር በኮሚቴው ፊት ሞገስ አለውና።

፩. ስለ አመራረጥዎ። ለቅርጫ በሬ ሲመርጡ ሰፈሩ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚበላ ማንም አይክድዎትም። ክበቡም ካርዱን እርስዎ እንዲመርጡ የወሰነው ይህንኑ አስቦ ነው፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆኑን ሳስታውስ እኔም እጄን ማውጣቴ ትዝ ይለኛልና እሱን እንለፈው። በባሕር ዳሩ ሱቅ ሻጩ ሁለት ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ አንሥተው መዘኑ። ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰኩባቸውን ወርቅማ ጥርሶቻቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ዕድሜያቸውን ገመቱ። ሣር ሳያቀርቡላቸው የቀሩት ለጥድፊያው ብለው ይሁን ለሻጩ አዝነው እስካሁን አልተገለጠልኝም።

፪. ስለ ቀዳዳ። ቀለል ያለው ካርድ ከኋላው አራት መሰኪያዎች ነበሩት። እርስዎም ገልበጥ አድርገው አይተው፣ «ይኼማ የተበሳሳ ነው! አቧራ ሊገባበት? የደብረ ታቦርን ነፋስ አታውቁትም እንዴ?» ብለው መለሱት። ሁለተኛው ሰፊ፣ ከባድ፣ ከኋላው እንደ ጎተራ ድፍን ነበር። ሻጩ፣ ነፍሱን ይማርና (ደኅና ነው፣ ብቻ እርስዎን ካስተናገደ ወዲህ ያሳዝነኛል)፣ «አባቴ፣ ይኼ እኮ ክሪፕቶ ለሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ ማውጫ የተሠራ ነው፤ ሌት ተቀን ሒሳብ ሲያሰላ የኖረ ነው፤ ስክሪን አይሰካበትም» ቢልዎት፣ «ሥራ የለመደ ነው ማለት ነው፤ ጠቅልል!» አሉት። ለሦስት ሞኒተር አንድም መሰኪያ የሌለው ካርድ መርጦ መምጣት እንዲሁ በዕድል የሚሆን አይደለም፤ ልምድ ይጠይቃል፤ ስለ ልምድዎም እናመሰግናለን።

፫. ስለ ዓይናለም። አብራዎት የሄደችው የክበባችን የኮምፒውተር ኃላፊ ዓይናለም ዝምታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከደብረ ታቦር ስትነሣ የጀመረችው ትምህርት ሐሙሲት ሲደርስ የሚኒባሱ ረዳት ራሱ የካርድ ሜሞሪ ከካርድ መሰኪያ ለይቶ ያውቅ ነበር። ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናትም፣ «እኔስ ብሆን መሰኪያ ያለውን ነው የምገዛ» ማለታቸውን ራሷ ምላ ነግራኛለች። ሱቁ ውስጥ ግን «ጋሼ፣ ኧረ መሰኪያ የለውም!» ብትል፣ «አንቺ ልጅ፣ መንገዱን ሙሉ አውርተሽ አልደከመሽም?» ተብላ በሻጩ ፊት ጸጥ ተደረገች። ሚኒባስ ሙሉ ሰው የገባው ነገር ለአንድ ሰብሳቢ ሳይገባ መቅረቱ የሰብሳቢነትን ክብደት ያሳያልና፣ በዚህም አልተቀየምንም።

፬. ስለ ሐሙስ። ካርዱ ሲገጠም ርዝመቱ ከኮምፒውተሩ ሳጥን አልፎ ጎኑ አልዘጋ ማለቱን «ግርማ ሞገስ» ብለውታል፤ ተቀብለናል። ዓይናለም የሦስቱን ሞኒተሮች ገመድ ይዛ፣ ሦስት ጥጃ ጎትታ በር እንደ ጠፋት ሰው ኮምፒውተሩን ስትዞረው፣ «በጎን በኩል ሞክሪ» የሚል ምክር ሰጥተዋል። በጎን ሞከረች። ከላይም ሞከረች። ከዚያ ለሙከራ ስታሠራው እጅዎን ማራገቢያው ላይ ዘርግተው፣ «ይሞቃል፤ ይሠራል ማለት ነው። ችግሩ ከሞኒተሮቹ ነው» ብለው ፈርደው ወጡ። በዚህ ፍርድ የተጠቀመ ቢኖር ዘበኛችን ሙላቴ ነው፤ ጋቢውን ካርዱ ላይ አድርቆ፣ እጁን አሙቆ፣ ከእንግዲህ ለፍል ውኃ ወንዛዬ ድረስ የሚያስኬደው ነገር እንደሌለ በይፋ አስታውቋል።

፭. ስለ ዓርብ። ይኼን ሲያነቡ ወንበር ይያዙ። ልምምዱ እንዳይቀር ትዕግሥት በድሮው ኮምፒውተር በአሮጌዋ ሞኒተር ፊት ተቀመጠች፤ ዓይናለም በግራዋ፣ እኔ በቀኟ ቆመን የጎን መስኮት ሆንን። «ላም ከግራ!» «ባጃጅ ከቀኝ!» እያልን ስንጮህ ውለናል፤ የምናየው ነገር ግን አልነበረም። እኔማ ነገሩ ጣመኝና የጭድ ጋሪ ጨመርሁ፤ ትዕግሥት እሱን ልታሳልፍ ብላ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ገደል ከተተችው። «ጌጡ፣ አንተን አምኖ የሚነዳ ሰው ኑዛዜውን ይጨርስ!» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን መሪውን ለቀቀችና፣ «የድንቹን ኩትኳቶ ለወንድሜ ጥዬ ነው ክረምቱን እዚህ የከረምሁት። እሑድ ሳልጫወት በፎርፌ ከወደቅሁ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለች። ጋሽ ይሻው፣ እዚህ ላይ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ዓይናለም ስልኳን አንሥታ ሻጩ ዘንድ ደወለች። ሰውዬው ገና ድምፅዋን ሲሰማ፣ «የቱ ጋ ደርሰሻል እያልሁ ነበር፤ ያኛውን ለማንም አልሸጥሁትም» አላት። ቅዳሜ ድፍኑ ካርድ ወደ ባሕር ዳር ወርዶ የተበሳሳው ካርድ በዚያው ሚኒባስ መጣ። እርስዎ በጽዋ ማኅበር ላይ ስለነበሩ በዚህ ጥቃቅን ጉዳይ ልናስቸግርዎ አልደፈርንም። ዓይናለም ገጠመችው፣ የሳጥኑ ጎን ተዘጋ፣ ሦስቱም ገመዶች ተሰኩ፣ ሦስቱም ሞኒተሮች በሩ። ያዘነው ሙላቴ ብቻ ነው።

፮. ስለ እሑድ። የይፋጉ ልጅ ደኅና ነጂ ነበር፤ ሦስት ሞኒተር ግን አልለመደም፤ በቀኙ ዛፍ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል፣ አንገቱ ሲዞር እጁ ይዞራል፣ እጁ ሲዞር አውቶቡሱ ከዛፉ ጋር ይተዋወቃል። ትዕግሥት አንድም ተሳፋሪ ሳታንገጫግጭ ገብታ ወደ ባሕር ዳሩ ውድድር አለፈች። እናቷ ከበሩ ላይ ቆመው እልል አሉ። ይኼኔ ነው እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ ኮምፒውተሩን እንደ በሬ ሻኛ መታ መታ እያደረጉ፣ «ለዚህ ያበቃን እኔ የመረጥሁት ካርድ ነው!» ያሉት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዓይናለምም አጨበጨበች፤ በእጇ ካቻቢቴ ስለነበር ግን አጨበጫጨቧ አላማረኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚመጣው ስብሰባ ያንኑ ማይክሮፎን ያንሡና፣ «ካርዱን የመረጠችው ዓይናለም ናት፤ እኔ የመረጥሁት ተመልሷል» ይበሉ። አጭር ነው፤ ውኃ ሳይጠጡ ሊጨርሱት ይችላሉ። ከከበደዎት ማይክሮፎኑን ለእሷ ይስጧት፤ እሷ ግን እንደሚያውቋት ነች፣ ባሕር ዳር እስክትደርስ አታቆምም።

ይኼን ሁሉ ወረቀት ከፈጀሁ በኋላ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ያን ያህል አልነበረም። ሰው አልሞተ፣ ከብት አልጠፋ፤ አንድ ዕቃ ሄደ፣ አንድ ዕቃ መጣ። ሐሙስ የጨለሙት ሞኒተሮች ቅዳሜ በርተዋል። ከዚያ የረዘመ ጊዜ መብራት ጠፍቶብን ደብዳቤ ሳንጽፍ ሻማ ገዝተን የተኛን ሰዎች ነን። ከፍ ብሎ በሐዘን መልክ የቀረበው ዜናም ትንሽ የተጋነነ መሆኑን፣ ላለቀሰ ሰው ካለ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አምናለሁ።

ሚዛን ከማያሻው ቀኝ እጅዎ በታች ዝቅ ብዬ፣ ጉልበት ስሜ፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም እንዳለኝ ቆጥሬ አውልቄ፣ ምክርዎ ከካርዱ ይልቅ ሞቆኝ እንደሚኖር በማረጋገጥ፣

የዘወትር አድናቂዎና የቀኝ በኩል መስኮት፣
ጌጡ አድማሱ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እሑድ ከኋላ የቆመው ሕዝብ ጨዋታውን ማየት ስላልቻለ፣ «ለጥገና» ተብሎ እርስዎ ቤት የገባው የክበቡ ትልቅ ቴሌቪዥን ትዝ ብሎኝ ነበር። ትናንት በአጥርዎ በኩል ሳልፍ ድምፁ እስከ መንገድ እየተሰማ ኳስ ሲያስተላልፍ ሰምቼዋለሁ። እንኳን አምላክ ማረው። ከበሽታው መዳኑ ከእርስዎ የተሰወረ ከሆነ ብዬ ነው፤ ለመውሰድ ሰው እንልካለን፣ በሩን ብቻ ይክፈቱልን።