መርዶ በደብዳቤ

ልጄ ዘሩ፣ የእኛን ሰላም ጣሊያን ቢወስደውም የአንተን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ቤይሩት ላይ ሥነ ልቡና መማርህን ሰምቼ እልል አልኩ። ጎረቤታችን እናኑ «ልብ ተምሮ ምን ሥራ ያገኛል?» ብትለኝ፣ «ዘንድሮ እኛ አገር ሥራው ሞልቷል» አልኳት።

አባትህ ከግንቦት ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩም። እናኑ «ልክፍት ነው፣ ጠበል ውሰጃቸው» ትላለች። እኔ ግን የያዛቸውን አውቃለሁ። ወንድምህን ኃይሉን ቡሬ ገበያ ላይ ሰቀሉት፤ «ለሽፍታ አይለቀስም» ብለው ለቅሶውንም ከለከሉን። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አላጣሁትም፤ ግን የታፈነ ሐዘን ያሳምማል ብለህ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። አባትህን ምን ብዬ ላናግራቸው? ምከረኝ። እዚያ ከልካይ የለምና ያገር ልጆች ሰብስበህ ለወንድምህ በወጉ አልቅስለት፤ የእኛንም ጨምርበት።

የሐዘንተኛ ሐኪም አድርጎ ለደጃችን ያብቃህ።

እናትህ አልጣሽ